ስለ ኩመራ እጆችና ስለ ተቆለፈችው ቧንቧ

ለክቡር የአዌቱ ነፍስ አድን የአምቡላንስ አገልግሎት ዋና ኃላፊ
በጽሕፈት ቤትዎ
ጅማ

ክቡር ሆይ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ያ የሚያስቸግርዎት የወገብ ሕመም እንዴት ናቸው? ይህን ሁሉ የምጠይቀው ከልቤ መሆኑን እንዲያምኑልኝ እለምናለሁ። የሚሰጡኝን መልስ ለማንም አላሳልፍም፤ በሚቀጥለው የሠራተኞች ስብሰባ ተነሥቼ አላነበንበውም፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ ቢሉኝም ከወንበርዎ አንሥቼ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ አላደርግዎትም። በመሥሪያ ቤታችን የሰውን ደህንነት መጠየቅ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም ስለምናውቅ፣ ሰላምታዬ እንዳያስደነግጥዎት ይህን ማረጋገጫ አስቀድሜ መስጠት ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ስሜ ሲስተር አሰገደች ይባላል። ክቡርነትዎ አምቡላንሶቻችንን የሚያውቋቸው በሪፖርት ስለሆነ ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ከኋላ፣ ከበሽተኛው ራስጌ የምቀመጠው ነርስ እኔ ነኝ። ከፊት መሪውን ይዞ ጅማን ከሰኮሩ፣ ደዶን ከሊሙ ገነት ሲያገናኝ የኖረው ሾፌር ደግሞ ኩመራ ነው። ዛሬ ኩመራ መሪ አልያዘም፤ የመለዋወጫ ጎማና ብርድ ልብስ በተከመረበት ክፍል በር ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲያናግረውም ከአንዲት ቃል በላይ አይመልስም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ኩመራ ወደ መሪው እንዲመለስ፣ አፉም እንዲፈታ ነው። ሌላው ሁሉ የዚህ አጃቢ መሆኑን ከወዲሁ ይወቁልኝ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። በእኛ ቤት በምስጢር የተነገረ ነገር ዞሮ ዞሮ በማይክሮፎን ሲመለስ ስላየሁ፣ መንገዱን ላሳጥርልዎ ብዬ ነው። ስለ ኩመራ የምጽፈውም ቢሆን ለሠራተኛው ሁሉ ያልተነገረ አንዳች ነገር የለበትም። ለማንኛውም እሱንም አስፈቅጄዋለሁ፤ «ምን የቀረ አለና ሲስተር፣ ጻፊው» ብሎኛል፤ በዚህ ወር ከአፉ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ክፍሉ። የአቻ ለአቻ ድጋፍ ክፍል ተሠርቶ፣ ግድግዳው ለስላሳ አረንጓዴ ተቀብቶ፣ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው፣ በመካከላቸውም ለምናነባው እንባ ሶፍት ተቀምጦ ስላየን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡት አሠልጣኝም መልካም ሰው ነበሩ፤ ይህን ያለ አንዳች ምፀት ነው የምናገረው። አስከሬን የሚያነሣ፣ ከእሳት ሰው የሚያወጣ፣ የእናት ጩኸት እየሰማ መርፌ የሚወጋ ሰው ያየውን ለብቻው ይዞ ከኖረ አንድ ቀን እንደሚያጎብጠው፣ ይህን የሚረዳው ደግሞ ያንኑ ያየ የሥራ ባልደረባው እንደሆነ በደንብ አስረዱን። ሁለት ነገር በተለይ ደጋግመው ነግረውን ሄዱ፤ ደጋፊው አለቃ እንዳይሆን፣ የተነገረውም ከክፍሉ እንዳይወጣ። ክቡርነትዎ የመክፈቻ ንግግር አድርገው፣ ፎቶ ተነሥተው ወደ ሌላ ስብሰባ ስለሄዱ ይህኛው የትምህርቱ ክፍል አመለጠዎት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ይባላል፤ ስሙ ደረሰዎት እንጂ ነገሩ አልደረሰዎትም።

ክፍሉ ከመሠራቱ በፊት እንዴት እንኖር እንደነበር ማንም ስላልጠየቀን ልንገርዎት። ከግቢው ጀርባ፣ ከአቮካዶው ሥር አንዲት ቧንቧ አለች። ክፉ አደጋ አይተን ስንመለስ አምቡላንሱን እዚያ እናቆመዋለን፤ የሄደውም ያልሄደውም፣ ተረኛ የሆነ ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ ይመጣል። ቧንቧዋ እንደ ልማዷ ከደረቀች በጀሪካን ይቀዳል። አንዱ በረኪና ይበጠብጣል፣ አንዱ ቃሬዛውን ይፈገፍጋል፣ አንዱ ወለሉን ይጠርጋል። ኑሪ የሚባለው ሁለተኛው ሾፌራችን «ኢና ሊላሂ» ሲል እኔ አማትባለሁ፤ ከዚያ ሥራ ነው። የእጥበቱ ሕግ ማንም ማንንም እንዳያይ ነው፤ ሁሉም የሚያየው የያዘውን ጨርቅ ነው። መናገር የፈለገ ወደ መኪናው ዞሮ ይናገራል፣ ያልፈለገ ዝም ብሎ ያጥባል፣ የሚመልስለት ካለም እንደዚያው ወደ መኪናው ዞሮ ይመልሳል። መኪናው ደርቆ በሩ ሲዘጋ የተባለው ሁሉ እዚያው ያበቃል። በማግሥቱ «ትናንት እንዲህ ብለህ አልነበር?» የሚል ሰው በሚቀጥለው እጥበት ጨርቅ አይሰጠውም። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ጨርቅ የተነፈገ ሰው አላየሁም፤ ማንም እዚያ ደረጃ መድረስ አይፈልግም ነበር።

ይህን ማንም አላስተማረንም። ባነርም የለው፣ የምስክር ወረቀትም የለው። ምናልባት ክቡርነትዎ እንደ መኪና እጥበት ብቻ ያዩት ለዚህ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ስለ ደጋፊያችን። አቶ ዓለምብርሃንን የአቻ ደጋፊ አድርገው ስለሾሙልን እጅ እንነሣለን። አቶ ዓለምብርሃን ለብዙ ዓመት ከእኛው ጋር ሾፌር ነበሩ፤ ያኔ አንተ ነበር የምንላቸው። ከአቮካዶው ሥር ጎንበስ ብለው ጎማ ሲፈገፍጉ፣ አንድ ቀን ከጊቤ ቁልቁለት ባነሣናቸው ሕፃናት ምክንያት ሲያለቅሱ ነበርኩ፤ ምን እንዳሉ ግን አልነግርዎትም፣ ሕጉ ይይዘኛል። በኋላ የስምሪት ኃላፊ ሆኑ። ማን በየትኛው መኪና እንደሚወጣ፣ ማን ሌሊት እንደሚያድር፣ ማን ማስጠንቀቂያ እንደሚጻፍበት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ከእኛ ጋር ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አቻ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ሲገቡ አለቃ ናቸው። የጠዋቱን ጆሮ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚያስቀምጡት እስካሁን የነገረን የለም።

አሁን ወደ ኩመራ ልምጣ። ከሰኮሩ ወዲህ ቡና የጫነ አይሱዙና አንድ ሚኒባስ ተጋጩ። ከሚኒባሱ ያወጣነው ሰው ኸይሩ የሚባል አናጢ ነበር፤ ዳሌው ተሰብሮ ከውስጥ ይደማል፣ ከውጭ ግን ብዙ ደም አይታይበትም። ኩመራ ሳይረኑን ከፍቶ ይበር ጀመር። መኪናው በከተሞቹ መግቢያ ያለውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በዘለለ ቁጥር ሰውየው ይጮኽና «ሱታ፣ ኦቦሌሳ ኮ» ይለዋል፤ ቀስ በል ወንድሜ ማለቱ ነው። ኩመራ ወንድሜ ያለውን ሰው እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ቀስ አለ። ሰርቦን አልፈን ጅማ ልንገባ ስንል ኸይሩ እጄ ላይ አረፈ።

ስንመለስ አምቡላንሱን እንደ ወትሮው ወደ አቮካዶው ልናዞር አልን፤ ጥበቃው በትሕትና አስቆመን። ቧንቧዋ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከእንግዲህ መኪናው በውል ወደ ተያዘለት ላቫጆ እንደሚሄድ፣ እኛ ደግሞ በሳምንቱ ማለቂያ ወደ ክፍሉ እንድንመጣ ትእዛዝ መውረዱን ነገረን። ኩመራ የመኪናውን ቁልፍ ለላቫጆው ልጅ ሰጥቶ፣ የኸይሩ ደም በጫማው እንዳለ ወደ ቤቱ ሄደ። ከልቤ ነው የምለው፣ ያን ቀን ክቡርነትዎን ባገኝዎ ኖሮ ይህን ያህል ትሑት አልሆንም ነበር።

በሳምንቱ ማለቂያ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ኩመራ ቀና ሲል ከፊቱ የተቀመጡት አቶ ዓለምብርሃን ናቸው፤ ስንት ጊዜ እርጥብ ጨርቅ ያቀበለው ሰው። ኩመራ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቧንቧዋ ሕግ ከሰውየው ጋር ተያይዞ ወደ ክፍሉ የገባ መሰለው። ሰውየው እንጂ ሕጉ እንዳልገባ ከእኛም ማናችንም አላሰብንም፤ እሱ ብቻ ሞኝ ነበር ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ኩመራ ሁሉንም ተናገረ። «ቀስ ባልል ኖሮ ይተርፍ ነበር። አሁን ጉብታ ላይ ስደርስ እጄ የእኔ አይደለም፣ ይንቀጠቀጣል» አለ።

እኔ የሰውየው ሆድ ላይ እጄን ጭኜ የመጣሁ ሴት ነኝ። በአውሮፕላን ብንወስደው እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ኩመራ ቀስ ማለቱም ለዚያ ሰው በመጨረሻ የተደረገለት ብቸኛው ደግ ነገር ነበር። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት አቶ ዓለምብርሃን እጃቸውን አነሡና «ሲስተር፣ እዚህ እናዳምጣለን እንጂ አንመክርም» አሉኝ። ከዚያ ሁሉ ሥልጠና አጥብቀው የያዟት ዓረፍተ ነገር ይህች ብቻ ነበረች። እኔም እንደ ጨዋ ሴት ዝም አልኩ፤ በዚህ ዝምታዬ እስከ ዛሬ ራሴን እከስሳለሁ። በኋላ ለብቻው ስነግረው «ልታጽናኚኝ ነው» ብሎ አልሰማኝም። ከሁሉ ፊት፣ በሰዓቱ ቢሰማው ኖሮ ይለይ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ኩመራ «ለዕረፍቱ ሲባል» ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ወደ መሪው የሚመለሰውም ፕሮግራሙን ሲጨርስ፣ ማለትም በዚያው ክፍል በዚያው ክብ ውስጥ ተቀምጦ ሲናገርና አቶ ዓለምብርሃን ተረጋግቷል ብለው ሲፈርዱለት መሆኑ ተነገረው። በመናገሩ ከመሪው የወረደ ሰው ተናግሮ እንዲወጣ መታዘዙን እኔ ደጋግሜ ባስበውም አልገባኝም፤ እባክዎ ከገባዎት ያስረዱኝ።

ፍርድ አላጓድልም። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይረን ከፍቶ መንዳት የለበትም፤ አብሬው የምበረው እኔ ስለሆንኩ ለነፍሴ ከማንም በላይ የምሳሳላት እኔ ነኝ። ነገር ግን በቧንቧዋ ዘመን ይህም መላ ነበረው። ኑሪ ጠዋት መጥቶ «ዛሬ እኔ ልንዳ፣ አንተ ከሲስተር ጋር ከኋላ ሁንልኝ» ይለዋል። እጁ እስኪረጋ ድረስ እንዲህ እየተቀያየሩ ይከርማሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ማንም ሳያውጅ ቁልፉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አቶ ዓለምብርሃን ራሳቸው ከጊቤው አደጋ በኋላ እንዲህ ተሸፍነው መክረማቸውን የነገርዎት ያለ አይመስለኝም። ይህን መጻፌ ሕግ ማፍረስ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ሁላችንም ያየነው ነገር እንጂ በጨርቅ ፊት የተነገረ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥርጣሬ። ይህ ቅሬታ ሳይሆን እውነተኛ አድናቆት ነው፤ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን፣ የጅማ ልጁንና ከሩቅ የመጣውን፣ አሮጊቷን ነርስና የትናንት ተመራቂዋን በአንድ ጊዜ እርስ በርስ ማፋራት ቀላል ሥራ አይደለም። ኩመራ ሲዛወር ሁላችንም የጠየቅነው «ማን ነገረበት?» ብለን ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር፤ እኛም ገንፎውን ሁሉ በጣታችን አገላበጥነው። ኑሪ ተጠረጠረ፤ የኩመራ መኪና ለእሱ ስለተሰጠችው። ወጣቷ ነርሳችን ሌንሳ ተጠረጠረች፤ በስብሰባው መካከል ስልኳን ስላየች። እኔም ተጠርጥሬያለሁ፤ አሰገደች አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ ለዚህስ አልፈርድባቸውም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ሰው መናገር በጀመረ ቁጥር የታሸገ ውሃ ልታድል መግባቷ አልተወደደላትም። በበሩ መስታወት በኩል ማን አለፈ፣ ማን ቆመ፣ የግድግዳው ሰዓት ለምን ከወንበሮቹ ጀርባ ተሰቀለ እያልን ስንብሰለሰል ከረምን። አንዱ ሻይ ሲጠጣ ሌላው ብርጭቆውን ይዞ ይነሣል።

የሩብ ዓመቱ ግምገማ ሲመጣ ግን ከጭንቀታችን ተገላገልን። አቶ ዓለምብርሃን ማይክሮፎን ይዘው የፕሮግራሙን ውጤት ሲያቀርቡ፣ በአቻ ድጋፍ አማካይነት ስሙ ኩመራ የተባለ ሾፌር እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ተለይቶ አደጋ ሳያደርስ መነሣቱን በኩራት ተናገሩ። ከማን ሰሙት አይባል ነገር፣ ከፊቱ ተቀምጠው ከራሱ አፍ ነዋ፤ እኛ ግን የጨርቅ ባልደረባችን ስለነበሩ እሳቸውን ለመጠርጠር አላሰብንም። ነገርየው ለእሳቸው ምስጢር ማውጣትም አልመሰላቸው፤ ቤት ያዳኑ ያህል ነበር ፊታቸው የሚያበራው። ክቡርነትዎም አጨበጨቡ። ኩመራ ከኋላ ረድፍ ተቀምጦ ነበር፤ ምናልባት አላዩትም። እኔ ግን አይቻለሁ፤ ሰው እንዲያ አንገቱን ሲደፋ በቃሬዛም ላይ አላየሁም።

ከዚያ ወጥተን ኑሪን ይቅርታ ጠየቅነው። «ኸይር ነው፣ አላህ ያውቃል» አለን። ሻዩን ግን አሁንም ለብቻው ነው የሚጠጣው፤ እኔም አልፈርድበትም።

አራተኛ፤ ስለ ፎቶው። ሌንሳ የሊሙ ገነት ልጅ ናት፤ ሥራ ከያዘች ገና ነው። በክፍሉ ውስጥ ስታለቅስ የተነሣችው ፎቶ «ሠራተኞቻችን ስሜታቸውን በነጻነት ሲገልጹ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክ ገጽ ወጥቷል። ጥራቱ በጣም የሚመሰገን ነው፤ እንባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናቷ ሊሙ ገነት ሆነው ፎቶውን ሰው ሲያሳያቸው ልጃቸው ሐዘን የደረሰባት መስሏቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጎረቤት አስከትለው መጡ። እኛ ግቢ በር ላይ ደርሰው «ማን ሞተብን?» ሲሉ ሌንሳ ወጥታ ያለችውን ሁላችንም ሰማን፤ «ማንም እማዬ፣ ሥልጠና ነው» አለቻቸው። ምስኪን እናት፣ ለቅሶ በሥልጠና እንደሚሰጥ ያን ቀን ነው የሰሙት። ከዚያ ወዲህ ሌንሳ ሰው እጇ ላይ ሲሞትባትም አታለቅስም፤ ይህን በውጤትነት መዝግበውት እንደሆነ አላውቅም።

አምስተኛ፤ አምቡላንሱ አሁን ከላቫጆ ሲመለስ ሽቶ ሽቶ ይላል፤ ለዚህ ብቻ ያለ ቅሬታ እናመሰግናለን።

ስድስተኛ ነበረኝ፤ ተውኩት። ስለ ሶፍቱ ነው።

ክቡር ሆይ፤ ይህን ሁሉ ስጽፍ ክፉ ሰው ነዎት እያልኩ እንዳይመስልዎት። እንዲያውም የሚያስፈራኝ ክፉ አለመሆንዎ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ እንጠነቀቅዎ ነበር። አቶ ዓለምብርሃንም ቢሆኑ ተንኮለኛ አይደሉም፤ ሁለት ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተደርገው ከአንዱ መውደቃቸው የማይቀር ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ሌሎች ይሠሩታል የተባለውን ደግ ነገር አምጥታችሁ፣ ጥርሱን አውልቃችሁ፣ እኛ ያለንን ቆልፋችሁ ስታበቁ ለምን አትድኑም ብላችሁ ትገመግሙናላችሁ። ሆድ የሚያቃጥለው ይህ ነው።

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የቧንቧዋ ቁልፍ ይከፈትልን። መኪናው ከአቮካዶው ሥር ከታጠበ በኋላ ወደ ላቫጆ ቢሄድና ሽቶውን ቢቀባ አንቃወምም። አቶ ዓለምብርሃን ከሁለቱ ወንበር አንዱን ይምረጡ፤ አለቃ ከሆኑ ክቡን ለቀው ይውጡልን፣ አቻ ከሆኑ ጨርቅ ይዘው ይምጡ፤ ከመጡ ማንም ያለፈውን አያነሣባቸውም። ኩመራም ከጎማው ክምር ተነሥቶ ከኋላ፣ ከእኔ ጋር ይቀመጥ፤ ኑሪ ይንዳለት፤ እጁ ሲረጋ እኛው እናውቃለን፣ እሱም ያውቃል። ለዚህ ኮሚቴ አያስፈልገውም። እኔ ደግሞ ያን ቀን ያላስጨረሱኝን ነገር ወደ መኪናው ዞሬ ልንገረው።

ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ ግን በትሕትና የምናሳስበው ሌላ መፍትሔ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ማለቂያ ክቡርነትዎ ራስዎ ከክቡ መካከል ይቀመጡ። የበላይ አለቃዎን ከፊትዎ እናስቀምጥልዎታለን፤ ሶፍቱንም እናቀርብልዎታለን። ከዚያ የሚያስፈራዎትን፣ እንቅልፍ የሚነሣዎትን፣ ሥራውን እችለዋለሁ ወይ ብለው የሚጠይቁበትን ሌሊት ሁሉ በነጻነት ይንገሯቸው። እኛ እናዳምጣለን እንጂ አንመክርም።

በዚህ አጋጣሚ የክፍሉ ቀለም እንዳይደበዝዝ፣ ባነሩ እንዳይቀደድ፣ ማይክሮፎኑም መቼም ባትሪ እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ለሚሰጡኝ ማስጠንቀቂያ ከወዲሁ ፈርሜ ለመቀበል ዝግጁ መሆኔን፣ ዝውውርም የሚደረግልኝ ከሆነ ከኩመራ ጋር በአንድ ግምጃ ቤት በር ላይ ቢያስቀምጡኝ እንደ ሹመት እንደምቆጥረው በአክብሮት እገልጻለሁ።

ሁልጊዜም በታላቅ አክብሮት፣ አፏንም ጆሮዋንም ይዛ ከአምቡላንሱ ኋላ የምትጠብቅዎ፣

ሲስተር አሰገደች
ጅማ

ሳልዘነጋው፤

ደብዳቤውን ጽፌ ሳልለጥፈው የዚህ ሳምንት ስብሰባ ተደረገና ክቡርነትዎ በአካል ተገኙልን። ሁላችንንም በየተራ «እንዴት ነህ? እንዴት ነሽ?» ብለው ጠየቁን። ኑሪ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ፣ እንቅልፍም ይወስደኛል» አለ። ሌንሳ «ደህና ነኝ» አለች። ኩመራም «ናጋዳ፣ ደህና ነኝ» አለ። እኔም «ደህና ነኝ» አልኩ። እንዴት እንደተደሰቱ ከፊትዎ አየን፤ አጨበጨቡልንም፤ ለሁላችንም የምስክር ወረቀት ታደለ፤ ኩመራም በዚያው ቀን የአምቡላንሱ ቁልፍ ተመለሰለት። የጠየቅኩት ተፈጽሞልኛልና ደብዳቤውን መቅደድ ነበረብኝ። ያልቀደድኩት በዚያ ክብ ውስጥ ዋሽቼ ስለወጣሁ ነው፤ እኔ ከኸይሩ ወዲህ ደህና አይደለሁም። ከእኔ ሌላ ማን እንደዋሸ አላውቅም፤ ባውቅም ለእርስዎ አልነግርም፤ እስካሁን እኛ ስንጠራጠር ኖረናል፣ ከእንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው። አያድርገውና አንድ ቀን ከቤትዎ ተደውሎልን ልጅዎን በቃሬዛ ስናነሣ፣ መሪውን የያዘውን ሰው እጆች ማየትዎ አይቀርም። ያኔ ደህና መሆናችንን ለመጠየቅ አይድከሙ፤ መልሳችንን አጨብጭበው ተቀብለውታል።